ቃሉስ የማን ልጅ ነው

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1958። ፍኖተ ሰላም።

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው የትምህርት ቀን። ግማሹ ስምንተኛ ክፍል ገና ከገጠር አልተመለሰም። የመጡትንም ጥጋብና እንቅልፍ ተጭኗቸዋል። እንዲህ ባለ ቀን ሰዋስው ማስተማር ግፍ ነው ብዬ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ገባሁ።

ስለ እሱ አንድ ጊዜ ልጻፍና ይለፍልኝ። ባለፈው ሐምሌ ስመረቅ በእንግሊዝኛ አንደኛ በመውጣቴ የተሸለምኩት ነው። እንደ ሌላው መዝገበ ቃላት ትርጉም ብቻ ሰጥቶ አያሰናብትም። ቃሉ ከየት አገር እንደ መጣ፣ አባቱ ማን እንደ ነበረ፣ በማን ቤት እንዳደረ፣ ስሙን በየትኛው ወንዝ ማዶ እንደ ለወጠ ይናገራል። ሽማግሎቻችን ለጋብቻ ዘር ሲቆጥሩ እስከ ሰባት ቤት እንደሚወርዱት፣ ይኸ መጽሐፍም እንግሊዝኛን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥረዋል።

ዛሬ «ዊንዶው»ን ሰጠኋቸው። ከጥንት የሰሜን ባሕረኞች ቋንቋ የመጣ ነው፤ «የንፋስ ዓይን» ማለት ነው። የክፍላችን መስኮት መስተዋት የለውም። ይህን ስናገር ንፋስ ገብቶ የክንፈሚካኤልን ወረቀት አንሥቶ ወሰደበት። «የኔታ፣ ዓይኑ ጠቀሰኝ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ክንፈሚካኤል ዲያቆን ነው። ቅኔ ቤት ቆይቶ ዘግይቶ ወደ እኛ ስለ መጣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም፤ «የኔታ» ማለቱንም ከዚያው ይዞት የመጣ ነው። ከክፍሉ የፊተኛው አግዳሚ በሙሉ እንደ እሱ ዲያቆናት ናቸው። የግእዝ ግስ ሲያስገቡ ያደጉ ስለሆኑ የቃል ሥር ስሰጣቸው እንደ ውኃ ይጠጡታል። ሰኔ ላይ አገር አቀፉ ፈተና አለ። ያለፈ ደብረ ማርቆስ ይሻገራል። ክንፈሚካኤል ዘንድሮ ካልተፈተነ አጎቱ ቄሰ ገበዝ ገብረሰንበት ሚስት አጋብተው ሊያቀስሱት ወስነዋል። ልጅቱም ታጭታለች። እሱ ግን ሐኪም መሆን ነው የሚፈልገው።

አባዬ ለፋሲካ ልምጣ ብለው ልከውብኝ ነበር። መንገዱ አይመችም ብዬ መለስኩ። እውነትም መንገዱ አይመችም። በዓሉን ዲሬክተራችን አቶ ዘሩ ቤት ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13

«ስኩል» ከግሪክ ነው። መነሻው ዕረፍት፣ ሥራ የሌለበት ጊዜ ማለት ነው! ክፍሉ አላመነኝም። ማታ ለቤት አከራዬ ለእትዬ አልጣሽ አጫወትኳቸው። ጠላ ያጠልሉ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም።

«ይኼንን ለማወቅ ግሪክ ድረስ ምን አስኬደህ? ሰው ሲያርስ እናንተ ጥላ ሥር ስትቀመጡ ስናያችሁ አይደል የምንውለው።»

እሑድ፣ ሚያዝያ 16

ምሳ አቶ ዘሩ ቤት። ደግ፣ ግን ነገር የሚፈሩ ሰው ናቸው። የባለቤታቸው እህት ደስታነሽ ከደብረ ማርቆስ መጥታለች፤ እስከ ክረምት ትቆያለች።

«አንተ የሁሉን ቃል አባት ታውቃለህ አሉ» አለችኝ። «እስቲ ‹ቡክ›ን ንገረኝ።»

ጥንት በዛፍ ጠፍጣፋ ላይ ይጽፉ ስለ ነበር ከአንድ ዛፍ ስም የመጣ ነው ይባላል አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲህ የእነሱ መጽሐፍ ከዛፍ፣ የእኛ ብራና ከፍየል» አለች። «ፍየሏ እኮ ዛፉን ትበላዋለች!» አቶ ዘሩ ጉርሻው ትን አላቸው። ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ ለራሴ እንደ ደገምኩት አልጽፍም።

ባለቤታቸው በመሐል፣ «አባትህ ምንድን ነው ሥራቸው?» አሉኝ።

«በጨርቅ ነው የሚሠሩት» አልኩ።

«ነጋዴ ናቸዋ! የቡሬ ነጋዴማ ይታወቃል።»

ወጥ ጨመሩልኝ። ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። አልዋሸሁም። የተናገርኩት ቃል አንዱም ሐሰት የለበትም።

ማታ መዝገበ ቃላቱን ስገልጥ «ቴክስት» ላይ ወደቅሁ። በየቀኑ «ቴክስት ቡክ አውጡ» የምንለው። ከሮማይስጥ፣ ከላቲኑ ነው፤ «የተሸመነ» ማለት ነው። ድርና ማግ ተጠላልፎ ጨርቅ እንደሚሆን ቃልና ቃል ተጠላልፎ ጽሑፍ ሆነ። ግሩም ቃል ነው። ነገ ግን አልሰጠውም። የነገው ክፍለ ጊዜ አጭር ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 19

ቸኩያለሁ። «ደሊሪየስ» ሰጠኋቸው፦ በትኩሳት የሚቀባዥር። ሥሩ «ከትልም የወጣ» ማለት ነው፤ በሬው ትልሙን ስቶ ሲሄድ። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በዕረፍት ሰዓት ኳስ የሳተውን ሁሉ «ደሊሪየስ!» እያሉ ሲሳደቡ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

«ክሉ»ንም አየሁ። ፍንጭ ማለት ነው፤ ድሮ ግን የተጠቀለለ የፈትል ክር ማለት ነበር። እሱን ዘለልኩት። ለፈተና አይመጣም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ከዓመቱ ሁሉ ጥሩው ክፍለ ጊዜ የዛሬው ነበር። በንባቡ ውስጥ «ሎርድ» የሚል ቃል መጣ። «ጌታ ነው» አሉ በአንድ ድምፅ። «ጌታነቱ ከየት መጣ?» አልኩ። ሰሌዳው ላይ የጥንቱን እንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ ሁለት ቃል ነው፦ ዳቦ፣ ጠባቂ። ዳቦውን የሚጠብቅና ለቤተሰቡ የሚያካፍል ሰው ጌታ ተባለ። «ሌዲ» ደግሞ ዳቦውን የምታቦካዋ ናት።

ክንፈሚካኤል እጁን አወጣ። «የኔታ፣ እንግሊዞች ጌታችንን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው?»

«በዚሁ ነው።»

«እንግዲያ ጌታችንን ‹ዳቦ ጠባቂ› ነው የሚሉት?»

«በሥሩ ከሄድክ፣ አዎን» አልኩ። ደወሉ ተደወለ። ዲያቆናቱ እየተጨቃጨቁ ወጡ። ጥሩ ትምህርት ማለት ተማሪ እየተጨቃጨቀ የሚወጣበት ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 27

የፊተኛው አግዳሚ ባዶ።

ትናንት ርክበ ካህናት ነበር፤ የየደብሩ ካህናት የሚሰበሰቡበት በዓል። ልጆቹ የእኔን ትምህርት ይዘው የሄዱት ወደዚያ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 28

ዛሬም ባዶ። ከወፍጮ ቤት ደጃፍ የሰማሁት፦ «ጌታችንን የእንጀራ ዘበኛ አለው አሉ!» «ዘበኛ? እንደ ፖሊስ ጣቢያው?» «ፈረንጅ አስተምሮ የላከው ጸረ ማርያም ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።» ሳልፍ ዝም አሉ። ዱቄት የነካው ሽማግሌ ብቻ፣ «ይኸ ልጅ ከትልም ወጥቷል» አለ። እኔ ያስተማርኩት ቃል ዞሮ መጣብኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 30

እንቅልፍ የለኝም። ትክክል ነኝ። መጽሐፉ ትክክል ነው። እንጀራ አላልኩም፣ ዘበኛም አላልኩም። ስለ እግዚአብሔር ሳይሆን ስለ አንድ የእንግሊዝ ቃል ነበር የተናገርኩት። ደግሞስ ምን ነውር አለበት? ጌታችን ራሱ ኅብስተ ሕይወት እኔ ነኝ አላለም? የተወለደባት ቤተልሔም ትርጓሜዋ ቤተ ኅብስት አይደለም? በየቤተ ክርስቲያኑ መሥዋዕቱ የሚሰናዳባት ቤት ስሟ ቤተልሔም አይደለችም? ይህን ቄሰ ገበዙ ፊት ቆሜ ብናገር መልስ ያጣሉ። ሦስት ገጽ ጽፌ አዘጋጅቻለሁ።

ክንፈሚካኤልን ዛሬ ከቅዳሴ ሲወጣ አየሁት። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና ፈጥኖ ሄደ። የሠርግ እህል እየተፈጨ ነው ይላሉ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 2

አቶ ዘሩ ለሽምግልና ወደ ቄሰ ገበዝ ሄደው ተመለሱ። ባርኔጣቸውን እያሽከረከሩ ነገሩኝ።

«ክፉ አልመለሱም። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ልጆቹም ይመለሳሉ አሉ። ለፈተናው ጥቂት ቀን ነው የቀረው ብዬ ለመንኳቸው።»

«ድንጋይ! ለመዝገበ ቃላት?»

«ቆይ አልጨረስኩም። ብቻውን አይመጣም ነው የሚሉት። ሰው ብቻውን አይታረቅም፤ አባቱን ይዞ ይምጣ አሉ። እኔ እንደ አባቱ ነኝ ብል፣ ‹አባቱ በሕይወት አለ፤ አባት እያለ እንደ አባት የለም› አሉኝ። መቼም ቡሬ ቅርብ ነው። አባትህ ሸቀጡን ለአንድ ቀን ትቶ ይምጣ።»

«መንገድ ላይ ናቸው» አልኩ። «ለንግድ ወጥተዋል።»

ይኸ ግን ሐሰት ነው። እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 7

አጎት አገኘሁ። የእትዬ አልጣሽ ወንድም አቶ ክንዱ እህል ይነግዳሉ፤ ፂማቸው ያምራል፣ ንግግር ያውቃሉ። «አጎት መሆን ምን ይከብዳል!» አሉኝ። «ለስንቱ ዋስ ሆኛለሁ። አባትህ መንገድ ላይ ናቸው ካልክ እኔ እተካለሁ። ብቻ የእናትህን አባት ስም ንገረኝ፤ ሲጠይቁኝ እንዳልደናገር።» ነገርኳቸው። እየደጋገሙ አጠኑት። ረቡዕ እንሄዳለን።

የማይጎዳ ነገር ነው። ማንንም አይጎዳም። ልጆቹ ይመለሳሉ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

እትዬ አልጣሽ ሰሙ። ማሰሻውን እንደያዙ ደጄ ላይ ቆሙ።

«አባት መከራየት ተጀመረ?»

«አጎት ነው፣ እትዬ።»

«የእኔ ወንድም ያንተ አጎት ከሆነ እኔ ምንህ ነኝ? አክስትህ? እንግዲያ ቤት ኪራዩ ቀርቶልሃል!» ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን ቆረጡት። «ስማ ልጄ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የውሸት ዘመድ አቁመህ ልትታረቅ ነው? ዕርቁ ለማን ይሆናል፣ ለአንተ ነው ለክንዱ?»

አባትህ ምን ቢሆኑ ነው አላሉኝም። ሳይጠይቁ ወደ ምጣዳቸው ተመለሱ። ያወቁ ይመስለኛል። የሚያውቁ ሰዎች ሁልጊዜ አይጠይቁም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13። ቡሬ።

የረቡዑን ጉዞ ሰረዝኩ፤ ዛሬ ጧት የእህል ካሚዮን ላይ ወጣሁ። ማንኩሳን ስናልፍ ሾፌሩ፣ «መምህር፣ የማን ልጅ ነህ? ቡሬ ዘመድ አለህ?» አለኝ። ስለ ድልድዩ ጠየቅሁት። ስለ ድልድዩ እስከ ቡሬ አወራ።

አባዬ በሸማ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰድደው ተቀምጠዋል። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። እኔን ሲያዩ እጃቸው አላቆመም።

«ለፋሲካ መንገዱ አይመችም ብለህ ነበር» አሉኝ። «አሁን ጠገኑት?»

ጫማዬን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቃሉን፣ ልጆቹን፣ ድንጋዩን። አንዱን ብቻ፣ በጨርቅ ነው የሚሠሩት ማለቴን አልነገርኳቸውም። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ያልከው ነገር እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው፣ አባዬ። መጽሐፉ ላይ አለ። ደግሞም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይጣላም፤ ሦስት ገጽ መልስ አዘጋጅቻለሁ።»

«እንግዲያ ምን ፈለግህ? መርታት ነው መታረቅ?»

እጄ ኪሴ ውስጥ ባሉት ሦስት ገጾች ላይ አረፈ።

«መርታት ከሆነ እኔ ምን እሠራልሃለሁ፤ ሂድና ርታ። መታረቅ ከሆነ እመጣለሁ። ግን ድሩ ሳይቆረጥ አልነሣም። በግማሽ ከተተወ ይላላል።»

«አባዬ፣ ልጆቹ እኮ ቀን እየሄደባቸው ነው።»

«ማግ የሚያጠነጥንልኝ የለም። እናትህ ከሞተች ወዲህ እኔው አጠነጥናለሁ፣ እኔው እሸምናለሁ። ቸኩለህ እንደሆነ ቁጭ በል።»

ኮቴን አውልቄ ቁጭ አልኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 15። ቡሬ።

ሁለተኛው የሥራ ቀን። ጣቴ ማጠንጠኑን አልረሳውም። ቅዳሜ የመጀመሪያው ቀሰም፣ ማጉ የሚጠቀለልበት፣ ላላብኝ፤ ከዚያ በኋላ እጄ ራሱ አስታወሰ። ከአባዬ ጋር ብዙም አንነጋገርም። መወርወሪያው ይናገራል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ድንገት፣ «እዚያ ማን ነህ ብለሃቸዋል?» አሉኝ፤ ሥራቸውን ሳያቆሙ።

«ምንም አላልኳቸውም።»

«ምንም?»

«እነሱ ነጋዴ ነው ብለው አሰቡ። ዝም አልኩ።»

መወርወሪያው ቆመ። አንድ የተበጠሰ ክር ፈልገው አገኙ፣ ምራቃቸውን ነክተው ቋጠሩት። «ነጋዴ እንኳ አልሆንም ነበር» አሉ። «ዋጋ መዋሸት አልችልበትም።» እንደገና ጀመሩ።

ከዚህ ይልቅ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 17። ፍኖተ ሰላም።

ድሩ ትናንት ማታ ተቆረጠ። አባዬ መጥተዋል። እትዬ አልጣሽ መደባቸውን ለቀቁላቸው። አሁን ጠላ ይዘው ስለ ጥጥ ውድነት ይከራከራሉ። አቶ ክንዱም መጥተው «የእህቴ ባል፣ የተስፋው አባት!» ብለው ሳሟቸው። ሚናቸውን ገና አልጣሉትም። ቄሰ ገበዝ እሑድን ሰጥተውናል።

እሑድ፣ ግንቦት 21። ጰራቅሊጦስ።

በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ቄሰ ገበዝ ገብረሰንበት መሐል፣ ካህናቱ በቀኝና በግራ፣ ሕዝቡ በኋላ። አቶ ዘሩም ከነቤተሰባቸው ነበሩ። ደስታነሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ዲያቆናቱ ከቤተልሔሙ በር አጠገብ ቆመዋል፤ ክንፈሚካኤል መሬት መሬት ያያል። የድንጋዩን መጠን አባዬ መረጡልኝ። «ቀላል ከሆነ ያፌዙብሃል፣ ከባድ ከሆነ ታጉረመርማለህ» ብለው መካከለኛውን አሸከሙኝ። ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ሦስቱ ገጽ ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

«ይህ ልጅ የማን ነው?» አሉ ቄሰ ገበዝ።

አባዬ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ፊት ወጡ። «የእኔ ነው፣ አባቴ። ታከለ እባላለሁ። የቡሬ ሸማኔ ነኝ።»

ድንጋዩ ከብዶኝ ይሁን ሌላ፣ ቀና ማለት አልቻልኩም። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ቁጢት በጣሽ ነው እንዴ!» አለ፤ ቁጭ ብሎ መቀመጫውን የሚያቆስል ማለት ነው፣ የሸማኔ ስድብ።

አባዬ አልዞሩም። «አዎን ጌታው። የእርስዎስ ቁጢት ዛሬ በምን ተሸፈነ?»

መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት አሮጊት ናት። ከዚያ ሁሉም። አንድ ቄስ አፋቸውን በጭራ ሸፈኑ። ቄሰ ገበዝ ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን አነሡ፣ ሳቁም ቆመ።

«ይናገሩ» አሉ።

«አባቶቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የልጄን ነገር ትክክል ነው ትክክል አይደለም ለማለት አልመጣሁም። ይኼ ልጅ ከትንሽነቱ አመል አለበት። አንድ ጊዜ አምስት ቀን የሠራሁትን መቀነት፣ ክሩ ከየት እንደሚጀምር ላይ ብሎ እስከ ጫፉ ተርትሮ አገኘሁት። ገረፍኩት። ሲያለቅስ፣ ‹ጫፉን አገኘሁት እኮ!› ይለኛል። አሁንም የእናንተን ተርትሮባችኋል። ክፋት አይደለም፣ አመሉ ነው። እኔ አባቱ ልጠግን መጥቻለሁና ማሩት።» ብለው ተንበረከኩ። ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ስለሚውል ጉልበቱ ይደርቃል፤ ሲታጠፍ ድምፁን ሰማሁት።

ቄሰ ገበዝ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? የምትለው አለህ?»

ሦስቱ ገጽ። ኅብስተ ሕይወት፣ ቤተ ኅብስት። ሁሉም በአፌ ጫፍ ላይ ነበር። አባዬ መሬት ላይ ተንበርክከው ነበር።

«ማሩኝ፣ አባቴ» አልኩ።

«አውርድ» አሉ።

ድንጋዩን አወረድኩ። ቄሰ ገበዝ አባዬን በክንዳቸው ይዘው አነሧቸው፤ ከዚያ ቀርበው ሌላው እንዳይሰማ በዝግታ እንዲህ አሉኝ፦

«ልትል የነበረውን አውቃለሁ። የቤተ ኅብስት ነገር እኛ ጠፍቶን መሰለህ? ቤተልሔም ማለት ምን እንደ ሆነ ይኼ ሁሉ ዲያቆን ያውቃል። የተቆጣነው ባለማወቅ አይደለም። አንድ ሰው መጣ፤ ከየት እንደ መጣ አልተናገረም፤ አባቱ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ስለ መንገድ ያወራል። እንዲህ ያለ ሰው የጌታችንን ስም ዘር ቆጥሮ ሲነግረን ምን ብለን እንመነው? አሁን የማን ልጅ እንደ ሆንክ አውቀናል። አስተምር።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ቀዝቃዛ ብረት ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 22

የፊተኛው አግዳሚ ሞላ። ክንፈሚካኤል አጎቱ ሠርጉን እስከ መስከረም እንዳራዘሙለት በጆሮዬ ነገረኝ። «ካለፍኩ ይቀራል፣ ካልወደቅኩ ማለቴ ነው» አለና በራሱ ሳቀ። በሳምንታት ያጣነውን በሦስት ሳምንት መመለስ አለብን።

አባዬ በጧቱ ካሚዮን ሄዱ። የሚመለሱት መቼ ነው ስላቸው፣ «መንገዱ ተጠግኗል አይደል?» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 27

አቶ ዘሩ ስለ ነገው ምሳ አላነሡም። ጾም ገብቷል፤ በጾም ሰው አይጋብዙ ይሆናል።

ወፍጮ ቤት ሳልፍ ከልጆች አንዱ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ እንደ ዘረጋ ሆኖ መወርወሪያ ሲወረውር ያሳያል። ሌሎቹ ይስቃሉ። ሳያዩኝ አለፍኩ። መንገድ ቀይሬ አይደለም የሄድኩት፤ በዚያው አለፍኩ።

እሑድ፣ ሰኔ 5

ደስታነሽ ትናንት ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰች አሉ። እስከ ክረምት ትቆያለች ተብሎ ነበር። ክረምት ገና አልገባም።

መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፣ ዘጋሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ክለሳ ጨርሰን ጥቂት ጊዜ ተረፈ። «አንድ ቃል ልጨምርላችሁ» ብዬ «ቴክስት» ብዬ ጻፍኩ። የተሸመነ ማለት ነው አልኩ። ድሩ ቁም ነገሩ፣ ማጉ የሚያስተሳስረው ቃል፤ ማጉ ከላላ ጨርቁም ጽሑፉም ይቀደዳል። ስለ ቀሰም፣ ስለ መወርወሪያ፣ ስለ ጉድጓዱ ነገርኳቸው። ያን ያህል ማውራቴን የተረዳሁት ደወሉ ሲደወል ነው።

ክንፈሚካኤል፣ «የኔታ፣ ይህን ቃል ዛሬ ነው ያገኙት?» አለኝ።

«በሚያዝያ ነው።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልሰጡንም?»

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። «ጊዜ አልነበረም ብዬ ነበር» አልኩ። ክፍሉ ዝም አለ። የዛሬው ዝምታቸው እንደ ወፍጮ ቤቱ ዝምታ አልነበረም።

ሊወጡ ሲነሡ አንድ ትርፍ ጨመርኩላቸው። ተፈታኝ በእንግሊዝኛ «ካንዲዴት» ይባላል። ጥንት በሮም ለሹመት የሚወዳደር ሰው ነጭ ልብስ ለብሶ ይቀርብ ነበር፤ ቃሉ «ነጭ ለባሽ» ማለት ነው። «ስለዚህ ሰኞ ታጥባችሁ ኑ» አልኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 13

ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ፈታኙ ከደብረ ማርቆስ የመጡ አዛውንት ናቸው፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ። በረንዳው ላይ ሆነን ልጆቹ እስኪሰለፉ እንጠብቃለን።

ከበሩ ሲገቡ አየኋቸው። ሁሉም ነጠላና ጋቢ፣ ታጥቦ የነጣ። ጭቃ እንዳይነካቸው ጫፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ወንዝ ተሻጋሪ እግራቸውን እያነሡ። ክንፈሚካኤል ከፊት ነው።

ፈታኙ፣ «ምነው፣ ዛሬ በዓል ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ነህ የእንግሊዝኛው መምህር? ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

«የታከለ። የቡሬው ሸማኔ።»

«እህ» አሉ። ሰዓታቸውን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

ደወሉ ተደወለ። ነጭ ለባሾቹ ገቡ።